የሥራ ቀን መቁጠሪያ አወጣጥ፤ በኮምፒውተር መርሐ ግብር ለሚያዘጋጁ ነጋዴዎች

ማናቸውም የንግድ ሥራ በቀን የተወሰነ ነው። ዕቃ የሚረከቡት በቀን ነው፤ ብድር የሚከፈለው በቀን ነው፤ የውል መቀጫም የሚቆጠረው በቀን ነው። ስለዚህ መጋዘን የሚያሠራ ነጋዴም ሆነ ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ድርጅት መርሐ ግብሩን ሲያወጣ «ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም፤ «ከሚመጡት ቀኖች ውስጥ የሥራ ቀን የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?» ብሎም አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህን ስሌት ዛሬ ብዙዎች በኮምፒውተር ያሠሩታል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና ፕሪማቬራ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለዚሁ አገልግሎት የተዘጋጁ ናቸው። ይሁን እንጂ ሶፍትዌር የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲገዛ ይዞት የሚመጣው መደበኛ የቀን መቁጠሪያ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉትን አምስት ቀኖች የሥራ፣ ቅዳሜንና እሑድን የዕረፍት ቀኖች ያደርጋል። እንቁጣጣሽንም ሆነ ጥምቀትን፣ ፋሲካንም ሆነ ዓረፋን አያውቅም። ይህን ሳያርም የሚጠቀምበት ሰው፣ ሌላ አገር ለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ መርሐ ግብር ተከትሎ ውል ይፈርማል ማለት ነው።

የሐሙሲት ምሳሌ

ሐሙሲት በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟንም ያገኘችው ሐሙስ ቀን ከሚውለው ገበያዋ ነው። እንግዲህ የከተማዪቱ ስም ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው ለማለት ይቻላል። በዚች ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ክረምት ሳይገባ መጋዘን ማሠራት ፈለገ እንበል። የሚቀረው የጣራና የበር ሥራ 12 የሥራ ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚጀመረው ሰኞ ሚያዝያ 18 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው እንበል።

በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል ብሎ በዓላትን ሳያስገባ የሚያሰላ ሰው፣ ሥራው ቅዳሜ ሚያዝያ 30 ቀን ያልቃል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22 ቀን፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ 23 ቀን፣ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ቀን፣ የአርበኞች ቀን ደግሞ ረቡዕ ሚያዝያ 27 ቀን ይውላሉ። እሑዱ አስቀድሞም የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ፣ ከሥራው የሚቀነሱት ሦስት ቀኖች ናቸው። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው ረቡዕ ግንቦት 4 ቀን ይሆናል።

ይህም ገና ሙሉው ስሌት አይደለም። ሐሙስ ሚያዝያ 21 ቀን የወሩ ማርያም ናት፤ ጸሎተ ሐሙስም ናት፤ የሐሙሲት የገበያ ቀንም ናት። ሰኞ ሚያዝያ 25 ቀን የፋሲካ ማግሥት ነው። ዓርብ ሚያዝያ 29 ቀን በዓለ ወልድ ነው። እነዚህን ቀኖች ሕግ የሕዝብ በዓል አላደረጋቸውም፤ ይሁን እንጂ ከገጠር የሚመጡት ሠራተኞች በእነዚህ ቀኖች የማይሠሩ ከሆነ፣ ሥራው የሚያልቀው ቅዳሜ ግንቦት 7 ቀን ነው። ከመጀመሪያው ስሌት ጋር ሲነጻጸር ሰባት ቀን ዘገየ ማለት ነው። ሠራተኛው አልሰነፈም፤ ዕቃም አልጎደለም፤ ስሕተቱ ያለው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ብቻ ነው። ነጋዴው ግን የውሉን መቀጫ የሚከፍለው፣ ወይም እህሉን ዝናብ የሚመታበት፣ በእነዚሁ ሰባት ቀኖች ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሥራ ሳምንትና የሥራ ሰዓት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የሶፍትዌሩ መደበኛ ሳምንት ግን 40 ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «ቼንጅ ወርኪንግ ታይም» የሚለውን ሰሌዳ ከፍቶ በድርጅቱ ስም አዲስ የቀን መቁጠሪያ መፍጠርና ቅዳሜን የሥራ ቀን ማድረግ ነው። የተፈጠረው መቁጠሪያም ለፕሮጀክቱ መመደብ አለበት፤ ፈጥሮ መተው ብቻውን ምንም አይለውጥም።

ሰዓት ሲሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት የሚሠራ ድርጅት፣ በሶፍትዌሩ ላይ ከ8፡00 እስከ 12፡00፣ ከ13፡00 እስከ 17፡00 ብሎ መጻፍ ይገባዋል። 2፡00 ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ሠራተኞቹን በሌሊት ሥራ አስገብቷል።

ሌላው የተሰወረ ስሕተት የመለወጫው ነው። ሶፍትዌሩ በምርጫ ገጹ ላይ አንድ ቀን 8 ሰዓት፣ አንድ ሳምንት 40 ሰዓት፣ አንድ ወር 20 ቀን ብሎ ይመነዝራል። ቅዳሜን የሥራ ቀን ማድረግ ይህን መለወጫ አይነካውም። ስለዚህ «6 ሳምንት» ተብሎ የተጻፈ ሥራ 240 ሰዓት ተብሎ ይተረጐማል፤ በሳምንት 48 ሰዓት በሚሠራበት መቁጠሪያም በ5 ሳምንት ያልቃል ተብሎ ይታያል። አንድ ሳምንት ያለ ምክንያት ጠፋ ማለት ነው። መድኃኒቱ በምርጫ ገጹ ላይ ሳምንቱን 48 ሰዓት ማድረግ ነው፤ ከዚያም የሚሻለው የሥራዎችን ርዝመት በሳምንትና በወር ሳይሆን ሁልጊዜ በቀን መጻፍ ነው።

በዓላትን ስለ መመዝገብ

በዓላት የሚጻፉት በዚያው ሰሌዳ፣ «ኤክሴፕሽንስ» በሚለው ክፍል ነው። እነሱም በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛዎቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቀናቸው የማይለወጥ ናቸው። ገና ጃንዋሪ 7፣ የዓድዋ ድል ማርች 2፣ የሠራተኞች ቀን ሜይ 1፣ የአርበኞች ቀን ሜይ 5 ይውላሉ። እነዚህ አንድ ጊዜ ተጽፈው «በየዓመቱ ይደጋገም» ቢባሉ አያሳስቱም።

ሁለተኛዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጸኑ፣ በጎርጎርዮሳዊው ግን በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚሸሹ ናቸው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11፣ መስቀል ሴፕቴምበር 27፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ይውላሉ፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ሴፕቴምበር 12፣ ሴፕቴምበር 28ና ጃንዋሪ 20 ይሆናሉ። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ሆነች፣ በ2020 ዓ.ም. እነዚህ ሦስቱ መታረም አለባቸው።

ሦስተኛዎቹ የሚዘዋወሩ በዓላት ናቸው። ስቅለትና ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት ዐውቆ መመዝገብ ይቻላል። ኢድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ በጨረቃ የሚወሰኑ ስለ ሆኑ የሚጠበቀውን ቀን መጻፍ፣ ሲታወጅም ማረም ያስፈልጋል። በእነዚህ አጠገብ ትልቅ ርክክብ አለመወሰን ብልኅነት ነው።

በበዓል ቀን አሠራለሁ የሚል አሠሪም ሒሳቡን ይወቅ። በአዋጁ መሠረት በሕዝብ በዓል የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ በ2.5፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የሚሠራው በ2 ተባዝቶ ይከፈላል። የትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የተሳሳተ መቁጠሪያ በትርፍ ሰዓት የሚታረመው በውድ ዋጋና በጥቂቱ ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ የራሱን መቁጠሪያ ስለ መስጠት

ሁሉንም የዕረፍት ቀን በአንድ መቁጠሪያ ውስጥ መክተት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። የወሩ ማርያም ዕለት አናጢው ቢያርፍም ባንክ ክፍት ነው፤ የጭነት መኪናም ይጓዛል። ስለዚህ ሕጋዊዎቹ በዓላት በፕሮጀክቱ መቁጠሪያ፣ የአካባቢው በዓላት በሠራተኞቹ መቁጠሪያ ይጻፉ። የሐሙስ ገበያ ለአናጢው የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ አህያና ጋሪው ወደ ገበያ በሚውልበት ቀን ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰው ግን ለብቻው መቁጠሪያ ያሻዋል። የትኞቹ ቀኖች እንደሚታረፉ ለማወቅ ከሠራተኞቹ አለቃ ጋር ከውሉ በፊት መነጋገር ይበቃል።

የመሬት ቁፋሮም የራሱ መቁጠሪያ ይኑረው። በደቡብ ጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ስለ ሆኑ፣ እነዚህን ለቁፋሮ ዝግ አድርጎ ለውስጥ ሥራ ክፍት መተው ይቻላል። ሥራውና ሠራተኛው ሁለት የተለያዩ መቁጠሪያዎች ሲኖሯቸው፣ ሶፍትዌሩ ሥራውን የሚያስቀምጠው ሁለቱም ክፍት በሆኑበት ሰዓት ብቻ ነው።

በዓል የማይከለክለው ሥራም አለ። የፈሰሰ ኮንክሪት በፋሲካም ይጠነክራል። እንዲህ ያለው ጊዜ በሥራ ቀን ሳይሆን በተከታታይ ቀን ሊቆጠር ይገባል፤ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ከቀኑ ምልክት በፊት የላቲኑን «ኢ» ፊደል መጨመር ለዚሁ ያገለግላል።

አስመጪዎችና ላኪዎች ይህንኑ ሕግ ከአገር ውጭ ላለው ሥራ ሊያውሉት ይችላሉ። በቻይና ፋብሪካዎች ለጨረቃ አዲስ ዓመት ይዘጋሉ፤ በ2019 ዓ.ም. በዓሉ ጥር 29 ቀን ይውላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕረፍት ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ሆኖ፣ ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል። ከአቅራቢው የሚጠበቅ ሰነድ በአቅራቢው መቁጠሪያ፣ ባንክ የሚሠራው ሥራ በባንኩ መቁጠሪያ ሲሰላ፣ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ቀነ ገደብ ሳይታሰብ አያልፍም።

በመጨረሻም መቁጠሪያው በየዓመቱ መስከረም ሳይጠባ ይመርመር፤ ታትሞም ከውሉ ጋር ይያያዝ። አሠሪውና ተቋራጩ በአንድ መቁጠሪያ ላይ ከፈረሙ፣ ሥራው በዘገየ ጊዜ ስለ መዘግየቱ ይነጋገሩ ይሆናል እንጂ የትኛው ቀን የሥራ ቀን እንደ ነበረ አይከራከሩም።