ቦምብ በፈነዳ ቁጥር «ካምፑ ይዘጋ» የሚባለው ለምንድን ነው?

የኅብረተሰብ ትምህርት፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲሁም ለወላጆች



ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ኬንያ መንግሥት አወቃቀር ስንማር አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ናይሮቢ ቦምብ ሲፈነዳ ካምፑ ይዘጋ የሚሉት ለምንድን ነው? እኛ ምን አደረግን?» ስትል ጠየቀች። እኔም «ፖለቲካ ነው» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጅቷ ተቀመጠች እንጂ ጥያቄዋ አልተመለሰላትም። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ካኩማ የተወለደ ልጅ ሁሉ ከትልልቆች አፍ ሲሰማው ያደገ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ያን ዕዳ ለመክፈል የተጻፈ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። ሌባ ሰውን የሚገድለው ገንዘቡን ፈልጎ ነው። አሸባሪ ግን የሚገድለውን ሰው ብዙውን ጊዜ አያውቀውም፤ የሚፈልገው የሞተውን ሳይሆን በሕይወት የተረፈውን ነው። የተረፈው ሕዝብ እንዲፈራ፣ እርስ በርሱ እንዲጠራጠር፣ መንግሥትም ተደናግጦ ያልታሰበበት እርምጃ እንዲወስድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጥቃቱ በኋላ ሕዝቡና መንግሥት የሚያደርጉት ነገር የታሪኩ ግማሽ ነው።

ኬንያ ይህን ፈተና በከባድ ሁኔታ የቀመሰችው ኦገስት 7 ቀን 1998 ነው። ናይሮቢ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በመኪና የተጫነ ፈንጂ ፈነዳ። በዚያው ዕለት ዳሬሰላም ባለው ኤምባሲም ተመሳሳይ ጥቃት ደረሰ። ናይሮቢ 213፣ ዳሬሰላም 11 ሰዎች ሞቱ። ጥቃቱ የታለመው በአሜሪካ ላይ ነበር፤ ከሟቾቹ አሜሪካውያን ግን 12 ብቻ ሲሆኑ አብዛኞቹ በየቢሮው ሥራ ላይ የነበሩና በመንገድ የሚያልፉ ኬንያውያን ነበሩ። ከዋናው ፍንዳታ በፊት አነስ ያለ ፍንዳታ ተሰምቶ ስለነበር «ምን ይሆን?» ብለው በመስኮት ለማየት የተጠጉ ብዙ ሰዎች በተሰባበረው መስተዋት ዓይናቸው ጠፋ። (ልጆች፣ ተኩስ ወይም ፍንዳታ ስትሰሙ ወደ መስኮት አትሂዱ፤ መሬት ላይ ተኙ። ይህ ምክር በብዙ ሰው ዓይን የተገዛ ነው።)

ሕዝቡ በመጀመሪያ ያደረገው ፍርስራሹን በባዶ እጁ መቆፈርና ደም ለመስጠት መሰለፍ ነበር። ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ኤምባሲው ለመንገድ ያን ያህል ቀርቦ ለምን ተሠራ? አምባሳደሯ ፕሩደንስ ቡሽኔል ሕንጻው ለጥቃት የተጋለጠ መሆኑን አስቀድመው ለመንግሥታቸው አሳውቀው እንደነበር ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ሐዘን፣ ጥያቄ፣ ከዚያም «አዲስ ሕግ ይውጣ» የሚል ድምፅ፤ ቅደም ተከተሉ በሌሎች አገሮችም ይኸው ነው።

የኬንያ መንግሥት በ2003 የፀረ ሽብር ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ከአንቀጾቹ አንዱ አንድ ሰው በለበሰው ልብስ ምክንያት የአሸባሪ ድርጅት አባል ነው ተብሎ ሊጠረጠርና ሊከሰስ የሚችልበትን መንገድ የሚከፍት ነበር። ሙስሊሞች፣ ጠበቆችና የምክር ቤት አባላት «ነገ ጀለቢያ የለበሰ ሁሉ ሊያዝ ነው» ብለው ተቃወሙ፤ ረቂቁም ተመለሰ። ሕጉ ከብዙ ክርክርና ማሻሻያ በኋላ የጸደቀው በ2012 በፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ዘመን ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በአገራችን በኢትዮጵያ በ2009 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ግን ለጋዜጠኞችና ለተቃዋሚዎች መክሰሻ ሆነ ተብሎ ለዓመታት ሲወቀስ ቆይቶ በ2020 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ሕግ ሲወጣ ዘገየ ብሎ መማረር ቀላል ነው፤ እኔ ግን የ2003ቱ ክርክር ለኬንያ ጠቅሟል እላለሁ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በኦክቶበር 2011 የኬንያ ጦር ሶማሊያ ገባ። አል ሸባብም ኬንያ ውስጥ ጥቃቱን አበዛ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አባቶቻችን። ልጥ እዚህ ለተወለዳችሁ ልጆች እንግዳ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ቅርፊት ነው፤ መሬት ላይ ሲጣል እባብ ይመስላል። የሰው ፍርሃት እውነተኛ ነበር፤ እባቡም እውነተኛ ነበር። ጥያቄው ልጡ ማን ነው የሚለው ነው።

ኖቬምበር 18 ቀን 2012 ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የናይሮቢ ሰፈር በኢስሊ አንድ ማታቱ ላይ ፈንጂ ፈንድቶ ተሳፋሪዎች ሞቱ። የተቆጡ ወጣቶች የሶማሌዎችን ሱቅና ቤት በድንጋይ ደበደቡ። በማግሥቱ የፖሊስ አሰሳ ተጀመረ። ሂውማን ራይትስ ዎች በሜይ 2013 ያወጣው ዘገባ ስደተኞች እንደተደበደቡ፣ ገንዘብ ካልከፈሉም እንደማይለቀቁ ይገልጻል። ከተጎዱት መካከል የእኛ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ነበሩበት። በዲሴምበር 2012 መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ስደተኞች በሙሉ ወደ ዳዳብና ወደ ካኩማ ይሂዱ ሲል አዘዘ።

ስደተኞቹን በመወከል ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የተባለ የሕግ አገልግሎት ድርጅት ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው። ጁላይ 26 ቀን 2013 ዳኛ ዴቪድ ማጃንጃ ትእዛዙን ሻሩት። ምክንያታቸውን ልብ በሉ። መንግሥት ፀጥታን የማስከበር ግዴታ የለበትም አላሉም። ያሉት መንግሥት የከተማ ስደተኞችን ከፀጥታው መደፍረስ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላቀረበም ነው። ያቺ ተማሪ «እኛ ምን አደረግን?» ስትል የጠየቀችውን ዳኛውም በሕግ ቋንቋ ጠይቀውታል ማለት ነው።

ሁለት ወር አልሞላም፤ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 ዌስትጌት የተባለው የናይሮቢ የገበያ ማዕከል ተጠቃ፤ 67 ሰዎች ተገደሉ። ከተማው እንደገና ደም ለመስጠት ተሰለፈ፤ ከተሰለፉት ውስጥ ሶማሌዎችም ነበሩ። በምክር ቤት ግን «የስደተኛ ካምፖች ይዘጉ» የሚል ድምፅ በረታ። በኤፕሪል 2014 «ኡሳላማ ዎች» የተባለ ዘመቻ ተከፍቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢስሊ ውስጥ ተያዙ፤ ብዙዎቹም ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወሰዱ። ኳስ የሚታይበት ሜዳ የእስረኛ ማጣሪያ ሆነ። ከ300 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ ሞቃዲሾ ተላኩ፤ ሌሎች ወደ ዳዳብና ወደዚህ ወደ ካኩማ መጡ። ከጎረቤቶቻችሁ መካከል በዚያ መንገድ የመጡ ይኖራሉ፤ ጠይቋቸው።

ወላጆች ይህን ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ቀኑ የፍርድ ቤት የሥራ ቀን ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን መቅረብ አለበት። አንቀጹ «የተያዘ ሰው» ይላል እንጂ «የተያዘ ዜጋ» አይልም።

ፍርዱ ሁልጊዜ ለስደተኛው አላደላም። መንግሥት በማርች 2014 ስደተኞች ወደ ካምፕ ይግቡ ብሎ በድጋሚ ያወጣውን ትእዛዝ ፍርድ ቤቱ በጁን 2014 ተቀብሎታል። ይህንንም ማወቅ አለባችሁ፤ የሚያስደስተንን ፍርድ ብቻ መርጠን ብናስተምራችሁ ትምህርት አይሆንም።

በኖቬምበር 2014 ማንዴራ አጠገብ አንድ አውቶቡስ ቆሞ 28 ተሳፋሪዎች፣ ከቀናት በኋላም 36 የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ተገደሉ። በዲሴምበር ምክር ቤቱ ጠብና ጩኸት በሞላበት ስብሰባ የፀጥታ ሕጎችን ማሻሻያ አጸደቀ። ከውስጡ አንዱ አንቀጽ በኬንያ የሚኖሩ ስደተኞች ቁጥር ከ150,000 አይበልጥም የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ነበሩ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ቀንሱና እዩ፤ ከ350,000 በላይ ሰው የት ይሂድ? ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2015 አምስት ዳኞች ይህን አንቀጽ ሻሩት፤ በ1951 የስደተኞች ስምምነት ውስጥ ያለውን «ሰውን ወደ አደጋ አለመመለስ» የሚለውን መርህ ይጥሳል አሉ።

ከዚያ ጋሪሳ መጣ። ኤፕሪል 2 ቀን 2015 ንጋት ላይ ታጣቂዎች ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰዎች ገደሉ፤ 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። እንደ እናንተ ተምረው፣ ፈተና አልፈው እዚያ የደረሱ ልጆች ነበሩ። የናይሮቢ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው መንግሥትን ጠየቁ። ማስጠንቀቂያ እያለ ጥበቃው ለምን ላላ? የፖሊስ ልዩ ኃይል ከናይሮቢ እስኪደርስ ያን ያህል ሰዓት ለምን ፈጀ? እነዚህ ከባድና ትክክለኛ ጥያቄዎች ነበሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የተሰማው የመንግሥት መልስ ግን ዳዳብ በሦስት ወር ውስጥ ይዘጋ የሚል ነበር። ከገዳዮቹ አንዱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ኬንያዊ፣ የአንድ የመንግሥት ሹም ልጅ መሆኑ በዚያው ሰሞን ታውቋል። አባቱ ልጃቸው መጥፋቱን ቀደም ብለው አመልክተው ነበር።

የመንግሥትንም ወገን እንስማ። ኬንያ ከሃያ ዓመት በላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አስጠግታለች። ልጆቿ ሞተውባታል። ባለሥልጣኖቿ ጥቃቶች በካምፕ ውስጥ እየታቀዱ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ዳዳብ ውስጥም በ2011 ሁለት የእርዳታ ሠራተኞች ታፍነው ተወስደዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። «ስደተኛ ሁሉ ንጹሕ ነው» ማለትም «ስደተኛ ሁሉ አሸባሪ ነው» እንደማለት ያለ የጅምላ ንግግር ነው። ወንጀል የሠራ ይያዝ፤ ስሙ ይጠራ፣ ማስረጃው ይቅረብ።

ሜይ 6 ቀን 2016 መንግሥት ዳዳብና ካኩማ ሁለቱም እንደሚዘጉ አስታወቀ። እናቶች «ዕቃ እንጠቅልል ወይ?» እያሉ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው የጠየቁን ያን ጊዜ ነው፤ እኛም የምንለው አልነበረንም። ከቀናት በኋላ ካኩማ ከውሳኔው ወጣ። የዳዳቡ ጉዳይ በኬንያ የሰብአዊ መብት ብሔራዊ ኮሚሽንና በኪቱዎ ቻ ሼሪያ አመልካችነት ፍርድ ቤት ቀረበ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2017 ዳኛ ጆን ማቲቮ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ፣ በሶማሌ ስደተኞች ላይ ያነጣጠረ አድልዎና የጅምላ ቅጣት ነው ብለው ሻሩት። የጅምላ ቅጣት ማለት አንድ ልጅ መስኮት ሰብሮ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ሲያንበረክክ ነው። (አዎ፣ እኛም አድርገነው እናውቃለን።)

በ2021 ሁለቱም ካምፖች እስከ ጁን 2022 ይዘጋሉ ተብሎ ነበር፤ ጊዜው አለፈ፣ ካምፖቹ አሉ። በዚያው በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ ካምፖችን ወደ መኖሪያ ከተማነት ለመለወጥ «ሺሪካ» የተባለ እቅድ ይፋ ሆነ። ስለ እሱ በሚቀጥለው ጊዜ እንማራለን።

አንድ ነገር ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም። በዲሴምበር 2015 ማንዴራ አካባቢ ታጣቂዎች እንደገና አውቶቡስ አስቁመው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እንዲለይ አዘዙ። ሙስሊም ተሳፋሪዎች ለክርስቲያኖቹ የራስ መሸፈኛ አልብሰው «ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉ፤ አለዚያ ተዉን» አሏቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሙስሊም መምህር በጥይት ቆስሎ ቆይቶ በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ስለዚህ ነገር ፊልም ተሠርቷል፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ፍንዳታዎቹን ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ፍርድ ቤቱ በ2013 እና በ2017 የመንግሥትን ውሳኔ የሻረው በምን ምክንያት ነው? ሁለቱ ምክንያቶች የሚመሳሰሉትና የሚለያዩት የት ላይ ነው?

2. ከጋሪሳ በኋላ የናይሮቢ ተማሪዎች የጠየቁትንና መንግሥት የመለሰውን በሁለት ዓምድ ጻፉ። መልሱ ለጥያቄው መልስ ነው ወይ?

3. ከሟቾቹ የአንዷ እኅት ብትሆኑ ከመንግሥት ምን ትጠይቁ ነበር? በግማሽ ገጽ ጻፉ።

4. ከወላጆች ጋር፦ አባታችሁ ወይም እናታችሁ በጅምላ የተጠረጠሩበት ጊዜ ነበር ወይ? እነሱስ ሌላውን ሕዝብ በጅምላ የጠረጠሩበት ጊዜ? መናገር ካልፈለጉ አታስገድዷቸው።