በውርጭ አገር ባዮጋዝ ለሚያሠራ ልጄ

ደብረ ብርሃን ላይ ባዮጋዝ ለማሠራት ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በዚያ አገር ዛፉ ሳስቷል፤ እበቱ ኩበት እየሆነ ምድጃ ውስጥ ሲያልቅ ማሳው ይራባል። ከተማው ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ የቆላ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አታድርግ።

1. ብርድ ጋዝ የሚሠሩትን ተሕዋስያን ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም። 35 ዲግሪ አካባቢ ይፈጥናሉ፤ ከ20 በታች ይንቀረፈፋሉ። ስለዚህ ጊዜ ስጣቸው። ሒሳቡን ራስህ ሥራው፦ ማብላያው ውስጥ የእበትና የውሃ ድብልቁን የሚይዘው ክፍል 4,000 ሊትር ነው እንበል። በቀን 40 ሊትር እበትና 40 ሊትር ውሃ ብታስገባ፣ ድብልቁ በ50 ቀን ይወጣል፤ ለሞቃት አገር ይበቃል። 25 በ25 ብታደርገው 80 ቀን ይቆያል። ለአንተ የምመርጥልህ ይህንን ነው።

2. ጋዝ ሲያንስ እበት አትጨምር። ብዙ ማብላያ የሚበላሸው በዚህ ነው። መጀመሪያ እበቱን የሚሰባብሩት ተሕዋስያን አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱን ወደ ሚቴን የሚያደርሱት ሌሎች ናቸው፤ ብርድ አጥብቆ የሚይዘውም እነዚህን ነው። ስታበዛባቸው አሲዱ ይጠራቀማል። መውጫው ጋ የኮመጠጠ ሽታ ይሸትሃል፤ ምድጃው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያኔ ማስገባቱን አቁም፤ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ እስኪጸና ታገሥ። ለቤተሰቡም ቀድመህ ንገር፦ በብርዱ ወራት ጋዙ ለቡናና ለወጥ ነው፤ እንጀራው ሌላ ማገዶ ይፈልጋል።

3. የማብላያው ጉልላት አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጥ። ኅዳር ሲገባ ገለባ ከምርበት። ውሃውን በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ አቆይና እኩለ ቀን ላይ በጥብጥ። ሌሊት ውጭ ያደረ እበት ማብላያውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከጋጣ ትኩሱን ውሰድ።

4. በመጋቢት ጀምር፤ ብርዱ ሳይመጣ ይጸናል። ማስጀመሪያውን እዚያው ደጋ ላይ ከሚሠራ ማብላያ ለምነህ አምጣ፤ ብርዱን የለመዱ ተሕዋስያን ይዞልህ ይመጣል። ካጣህ ከቄራ ፈርስ አምጣ።

5. መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል፤ ደጅ ልቀቀው። ቧንቧው ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሽ፤ ክብሪት እንዳታስጠጋ።

6. ከመውጫው የሚወጣው ዝቃጭ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን በብርድ የተብላላ እበት ውስጥ የአረም ዘርና የትላትል እንቁላል ሳይሞት ሊቀር ይችላል። ከገለባ ጋር ከምረህ እንዲግልና እንዲበስል አድርግ፤ ከዚያ ለገብሱና ለድንቹ ስጠው። ጥሬውን በሰላጣና በካሮት መደብ ላይ አታፍስስ።