መኪናን ወደ ቡታጋዝ ስለ መለወጥ፦ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የወረዳ ቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤቶች የመኪና ወጪ ከዓመት ወደ ዓመት ከብዷል። በአዲስ አበባ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የተተመነው አንድ ሊትር ቤንዚን፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። ከሆሳዕና ወጣ ብለው ለሚገኙት ለዶዮገናና ለአካባቢዋ ከተሞች ደግሞ የማጓጓዣው ይጨመራል፤ ማደያው የደረቀ ዕለት ከቸርቻሪ በሃይላንድ የሚገዛውማ ዋጋው ሌላ ነው። በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል። ስለዚህ በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ «መኪናችንን ወደ ጋዝ ብናስለውጥስ?» የሚል አሳብ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። በአግባቡ የተለወጠ መኪና ከቤንዚኑ የባሰ አደጋ የለበትም። በዶዮገና አካባቢ ግን ዛሬ ትርፉ አጠራጣሪ ነው። የወጥ ቤት ሲሊንደር አምጥቶ መኪና ላይ መግጠም ደግሞ ምንም ያህል ገንዘብ ቢያተርፍ ሊፈቀድ የማይገባው ነገር ነው።

«ጋዝ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙ ነገር ይሸፍናልና በመጀመሪያ እንለየው። አያቶቻችን ጋዝ ሲሉ የፋኖሱን ላምባ ማለታቸው ነበር። ለመኪና የሚውለው ግን ምግብ የምናበስልበት ቡታጋዝ ነው፤ ይኸውም ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆነው የሚገኙበት ነው። ሦስተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ይባላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻ ሲመረቅ ሰምቶ «እንግዲህ ቡታጋዝ ሊረክስ ነው» ብሎ የተደሰተ ካለ፣ ነገሩ ሌላ መሆኑን ይወቅ። ያ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ ለመኪና ሲሆን በ200 ባር ያህል ግፊት ይታመቃል፤ ቡታጋዝ ግን በመደበኛ የአየር ሙቀት ከ10 ባር በታች ነው። ለአንዱ የተሠራ ታንክና ቧንቧ ለሌላው አይሆንም።

ሌላው አስቀድሞ የሚጠየቀው የሞተሩ ዓይነት ነው። ለስብከትና ለልማት ሥራ ከምንጠቀምባቸው መኪኖች ብዙዎቹ፣ ላንድክሩዘሩም ሆነ አይሱዙው፣ የናፍጣ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእመቃ ሙቀት ነው፤ ቡታጋዝ ደግሞ በዚህ መንገድ በቀላሉ አይቀጣጠልም። በናፍጣ ላይ ጋዝ እየጨመሩ የማሠራት ስልት ቢኖርም ናፍጣውን በከፊል ብቻ ይተካል፤ ብርቱ ባለሙያም ይሻል። እንግዲህ የምትነጋገሩበት መኪና የናፍጣ ከሆነ ውይይቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻላል።

ሒሳቡ

ቤንዚን በሊትር ይሸጣል፣ ቡታጋዝ በኪሎ። ስለዚህ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ይረክሳል» ማለት ያሳስታል። ለማስተያየት የሚጠቅመው ቁጥር 1.4 ነው፤ አንድ ኪሎ ቡታጋዝ በያዘው ኃይል የ1.4 ሊትር ቤንዚን ሥራ ይሠራል። በማንኛውም ቀን የቤንዚኑን የሊትር ዋጋ በ1.4 አባዙ። የጋዙ የኪሎ ዋጋ ከዚያ ካነሰ ትርፍ አለ፤ ከበለጠ ኪሳራ ነው። ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም በሆነበት ጊዜ ድንበሩ 142 ብር ገደማ ነበር፤ 12.5 ኪሎ ለሚይዝ ሲሊንደር ሲሰላ 1,775 ብር ይመጣል። ሆሳዕና ላይ ሲሊንደራችሁን ያስሞላችሁበትን ደረሰኝ አውጥታችሁ አስተያዩት። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ ሚኒባስ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 120 ሊትር ይፈልጋል፤ በዚያው ዋጋ 12,176 ብር ነው። ወደ ጋዝ የተለወጠ መኪናም ቤንዚንን ፈጽሞ አይተውም፤ ሞተሩ በቤንዚን ይነሣና የራዲያተሩ ውኃ 40 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ወደ ጋዝ ያልፋል። ከነዳጁ አንድ አሥረኛው ቤንዚን ሆኖ ቢቀር፣ የቀረው ሥራ 77 ኪሎ ጋዝ ይጠይቃል። ኪሎው 120 ብር ነው ብንል የወሩ ወጪ ወደ 10,475 ብር ይወርዳል፤ 1,700 ብር ተረፈ ማለት ነው። ኪሎው 160 ብር ከሆነ ግን ሰበካው በየወሩ ወደ 1,400 ብር ይከስራል። በመልካሙ ዋጋ እንኳ፣ ማስለወጫውን ለስሌት እንዲመች 100,000 ብር ብናደርገው፣ ገንዘቡ የሚመለሰው በአምስት ዓመት ገደማ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ከአሥራት የተሰበሰበ ገንዘብ ለዚህ ከመውጣቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይቅደም።

ይህም መኪናው ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ነው። በዶዮገና ደጋ፣ በቀዝቃዛ ማለዳ ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያ የሚመላለስ መኪና ውኃው ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል፤ በስሙ የጋዝ መኪና ሆኖ በግብሩ ቤንዚን ሲጠጣ ይውላል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አስቀድሞ ለከፍታው ሰጥቷል፤ ጋዝ ደግሞ ጥቂት ይቀንስበታል። ሰው የጫነ ሚኒባስ ዳገት ላይ ይህን ያሳውቃል። የሞተር ዘይት በጋዝ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማጣሪያዎቹ በጊዜያቸው መለወጥ አለባቸው፤ የጋዝ ቃጠሎም ደረቅ ስለ ሆነ በአንዳንድ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ ቶሎ ይበላል።

ከዋጋው በላይ የሚከብደው ጥያቄ ግን የት ይሞላል የሚለው ነው። በአገራችን የቡታጋዝ ሥርጭት የተዘረጋው ለወጥ ቤት ነው፤ መኪና ቆሞ የሚቀዳበት የጋዝ ማደያ በየመንገዱ የለም። አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ጉድለት ነው።

ሲሊንደሩና ታንኩ

በቱርክ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች በዚህ ጋዝ ይሄዳሉ፤ በጣሊያን፣ በፖላንድና በደቡብ ኮሪያም የተለመደ ነው። ደኅንነታቸውን የሚጠብቀው የታንኩ አሠራር ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 67 መሠረት የተሠራ ታንክ ሲሞላ ሰማንያ በመቶ ላይ ራሱ ይዘጋል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋልና። ግፊቱ 27 ባር ሲደርስ የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ቧንቧው ሲበጠስ ጋዙን ያቆማል።

የእያንዳንዱ ክፍል ዋጋ በደም የታወቀ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ በቬኒስዩ ከተማ፣ ሆን ተብሎ የተቃጠለ አንድ የጋዝ መኪና ታንክ ፈንድቶ ሊያጠፉት የመጡትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ አቆሰላቸው። ታንኩ ማስተንፈሻ ቫልቭ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ነው ቫልቩ በፈረንሳይ አስገዳጅ የሆነው። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ በቤኒን ከተማ ማደያ ውስጥ የፈነዳው የመኪና ሲሊንደር ደግሞ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ለመያዝ ያልተፈቀደና በብየዳ የተለዋወጠ ሆኖ ተገኝቷል።

የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ቆሞ እንዲሠራ የተበጀ ነው፤ ከላይ የሚወጣው ትነቱ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ ከምድጃ እጅግ የበለጠ ጋዝ ይፈልጋል። ቆሞ የተገጠመ ሲሊንደር ይህን ያህል ትነት ሲወሰድበት ይቀዘቅዛል፣ ላዩ በረዶ ይይዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ሲሊንደሩን ማጋደም ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ለትነት ብቻ በተሠራው ሬጉሌተርና በላስቲኩ ቱቦ ይወጣል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን ከ250 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። በኮረኮንች መንገድ እየተንቀጠቀጠ የላላ አንድ ማሰሪያ ይበቃዋል። ይህን ማለታችን መካኒኮቻችንን ለማሳነስ አይደለም፤ የሞተ ሞተር የሚያስነሣ እጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ብልሃት ያልተሠራን ቫልቭ አይተካም። ከቤት ሲሊንደር ወደ መኪና ታንክ በቱቦ መገልበጥም ያው ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስስ ወደ ላይ አይበተንም፣ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ሁለት በመቶ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። የእኛ ግቢ ደግሞ እሳት የማይታጣበት ነው፤ የቤተልሔሙ ምድጃ፣ ጧፉ፣ የጽናው ፍም፣ በመስቀል ደመራው። ስለዚህ በአግባቡ የተለወጠ መኪና እንኳ ቢሆን፣ እሳት ከሚነድበት ቦታ ሽቅብ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ወይም በጋራዥ ጉድጓድ ላይ አይቁም። ፍሳሽ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ ክብሪት አይጫርበት።

አንድ ባለ ጋራዥ «እኔ እለውጥላችኋለሁ» ቢል፣ ጉባኤው የታንኩን የደንብ ምልክትና የተመረተበትን ዓመት በዓይኑ ይይ፤ የፍተሻ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይጠይቅ። ነዳጁ የተለወጠ መኪና በሊብሬውና በመድን ውሉ ከተመዘገበው የተለየ ነውና፣ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱና የመድን ድርጅቱ አስቀድመው በደብዳቤ ይጠየቁ። የቃል ፈቃድ አደጋ ከደረሰ በኋላ አይገኝም።

መኪናው ውስጥ የቡታጋዝ ሽታ የተሰማው ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ተሳፋሪዎቹን በነፋሱ መምጫ በኩል ወደ ከፍታው ያውጣ፤ በሮቹን ከፍቶ ይተዋቸው፤ የታንኩን የእጅ መዝጊያ ይዝጋ። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ መብራትም ስልክም በአጠገቡ አይነካ፤ መኪናውንም ለማስነሣት አይሞክር።