ጓደኛ ያቃናው ቋሚ

በዛሬው ትምህርታችን አንድ አናጢ በጓደኛው ረዳትነት የሥራ ቤት እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። አስተውላችሁ ካነበባችሁ ስለ ቤት ብቻ ሳይሆን ስለ ጓደኝነትም ትማራላችሁ።

አናጢው ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራው በደጅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው እንበል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንጨቱን ያበላሽበታል፤ መጋዙንም ያዝግበታል። ሥራው ከቆመ ደግሞ ልጆቹ ይቸገራሉ። ስለዚህ ዝናቡ ሳይደርስ ቤቱን ማቆም አለበት።

እንጨቱን ማዘጋጀት

በአገራችን ለእንዲህ ዓይነት ቤት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ይላጣል፤ እንጨቱ ይደርቃል፤ መሬት ውስጥ የሚገባውም ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል።

ቦታውን መለካት

ቤቱ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ይሁን። በአራቱ ማዕዘን ችካል ተተክሎ ሲባጎ ይወጠራል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ከአንዱ ማዕዘን ወደ ማዶው ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ 5 ሜትር መሆን አለበት። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 4 በ4 ሲባዛ 16 ነው፤ ድምራቸው 25 ይሆናል። 5 በ5 ሲባዛም 25 ነው። ሁለቱም ሰያፎች 5 ሜትር ከመጡ ቤቱ አልተንጋደደም። ሜትሩን አናጢው በአንዱ ጫፍ፣ ጓደኛው በሌላው ጫፍ ይይዛሉ።

ቋሚውን ማቆም

ጉድጓዱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈራል። አናጢው ቋሚውን አቅፎ ይይዛል። ያቀፈው ሰው ግን የእንጨቱን መዝመም በደንብ አያይም፤ በጣም ተጠግቶታልና። ጓደኛው ራቅ ብሎ ቱምቢ አንጠልጥሎ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎም ከጎን ያያል። «ወደ ቀኝ፤ ጥቂት መልሰው፤ በቃ!» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ድንጋይና አፈር እየጨመሩ ይጠቀጥቃሉ። ሁሉም ቋሚዎች ሲቆሙ ማገር ይመታል፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ይለብሳል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጓደኛው «ዘሟል» ሲለው አናጢው ተቆጥቶ አልሰማም ቢል ምን ይሆናል? ወይም ጓደኛው «ይቀየመኛል» ብሎ ዝም ቢልስ? ቋሚው እንደ ዘመመ ይጠቀጠቃል። ቆርቆሮ ከተጫነበት በኋላ እሱን ማቃናት ቤቱን እስከ ማፍረስ ያደርሳል። እውነተኛ ጓደኛ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ይናገራል፤ ብልህ ሰውም ይሰማዋል። እናንተም ጓደኛችሁ ሲያጠፋ በሰው ፊት ሳታሳፍሩት፣ ለብቻው፣ በጊዜ ንገሩት። እሱም ሲነግራችሁ አትኩረፉ።

ውለታን መመለስ

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ የአባቱ የዳዊት ወዳጅ የነበረው የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ከሊባኖስ የዝግባና የጥድ እንጨት በባሕር ላከለት። ሰሎሞንም በፈንታው ስንዴና ዘይት ሰጠው (1ኛ ነገ. ምዕ. 5)። በገጠራችንም ወንፈል አለ፤ ዛሬ አንተ ትረዳኛለህ፣ ነገ እኔ እረዳሃለሁ ማለት ነው። እንግዲህ አናጢው ቤቱ ካለቀ በኋላ ጓደኛው ሥራ ሲይዝ ሳይጠራ ሊሄድለት ይገባል።

ጥያቄዎች

1. ቋሚውን ያቀፈው ሰው መዝመሙን በደንብ የማያየው ለምንድን ነው?
2. ጓደኛው መናገር ያለበት መቼ ነው? ለምን?
3. ከጓደኛችሁ ጋር በግቢያችሁ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በችካልና በሲባጎ ሥሩ። ሰያፉ ስንት ሳንቲ ሜትር መጣ?