ፊቱን ያዞረና ጎኑን የሰጠ፦ ስለ ኩዌዛሮች አቅጣጫ

ከመካከላችን በጋምቤላ አይሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አይሮፕላን የጠበቀ ቢኖር የፊት መብራቱ እንዴት እንደሚያታልል ያውቃል። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ተመልካቹ ሲያቀና መብራቱ ዓይን ይወጋል፤ ጎኑን ሲሰጥ ይደበዝዛል። የሞተሩ ድምፅ ግን ከየትኛውም በኩል ይሰማል። የኩዌዛሮችም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ሲሪል ሃዛርድና ባልደረቦቹ፣ ጨረቃ 3ሲ 273 የተባለውን የራዲዮ ምንጭ ስትጋርደው በአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ተከታትለው ቦታውን በትክክል ለዩ። በ1963 ማርተን ሽሚት ብርሃኑን መርምሮ ከእኛ ጋላክሲ እጅግ የራቀ መሆኑን ገለጸ። ይኸው ኩዌዛር በጋምቤላ ሰማይ ሲያልፍ ከአናት ወደ ደቡብ የሚርቀው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

የኩዌዛር ኃይል የሚመነጨው በጋላክሲው እምብርት ወዳለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ከሚወድቀው ቁስ ነው። ከዚያም ጄት የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ጅረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። ቅንጣቶቻቸው በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ስለሚሮጡ ጨረራቸው ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ ስለዚህም ወደ እኛ ያቀናው ጄት ከልኩ በላይ ይደምቃል። በጄቶቹ ጫፍ የሚነፉት የራዲዮ ደመናዎች ግን ዝግ ብለው ስለሚንቀሳቀሱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያህል ይረጫሉ።

እንግዲህ በድምቀት ብቻ የሚቆጥር ሰው ወደ እርሱ የዞሩትን አብዝቶ ይቆጥራል፤ ፍርዱም ይዛባል። ፒተር ባርተል በ1989 ከዚህ ስሕተት ለመዳን፣ ደመናዎቹ በሚያይሉበት በ178 ሜጋኸርትዝ የተሰበሰበውን መዝገብ መረጠ። ያቀረበውም ሐሳብ ኃይለኞቹ የራዲዮ ጋላክሲዎችና ኩዌዛሮች አንድ ዓይነት ናቸው የሚል ነበር። ጄቱ ከእይታችን መስመር ከ45 ዲግሪ ገደማ ባነሰ ማዕዘን ሲያጋድል ኩዌዛር እናያለን፤ ከዚያ ሲበልጥ እምብርቱ በአቧራ ቀለበት ይጋረድና የራዲዮ ጋላክሲ እንለዋለን።

ይህ እውነት ከሆነ፣ በሒሳቡ መሠረት ከ10 ውስጥ 3 ያህሉ ኩዌዛር ሆነው መታየት አለባቸው። ደግሞም ወደ ዓይናችን ያቀናነው ዘንግ አጥሮ እንደሚታየን፣ ኩዌዛሮቹ ከራዲዮ ጋላክሲዎቹ አጥረው መገኘት አለባቸው። የባርተል ቆጠራና ልክ ሁለቱንም ደገፈ።

በእንጦጦ ያሉት ቴሌስኮፖች የብርሃን እንጂ የራዲዮ አይደሉም። ሆኖም ሎፋር የተባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ በ2022 ያወጣው፣ 4.4 ሚሊዮን ያህል ምንጮች የተመዘገቡበት የሰሜን ሰማይ ዳሰሳ ለማንም ክፍት ነው። በእኩል ርቀት ያሉትን መርጦ ደመናዎቻቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካትና ማወዳደር ከእኛ ተማሪዎች ዓቅም በላይ አይደለም። ደማቁን ሁሉ ኃያል ከማለታችን በፊት ግን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ እንጠይቅ።