ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ከአዲስ አበባ ሌጎስ፦ ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን በራስ ማስላት

ሁለት ከተሞች በአየር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማስላት የስልክ ካልኩሌተርና የከተሞቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይበቃሉ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሰውን ከአውሮፕላን የሚያስቀረው ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ነውና ርቀቱን ቶሎ እንጨርስ።

በናይሮቢ ይጀምሩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ ናይሮቢ በስተደቡብ 1.3 ዲግሪ ላይ ናቸው። ወገቡ በመካከላቸው ስለሚያልፍ ሁለቱን ይደምሩ፦ 10.3። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲባዛ 1,143 ይሆናል። ኬንትሮሳቸው 38.8 እና 36.9 ምሥራቅ ነው፤ የ1.9 ልዩነት 211 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣል። ሁለቱን ውጤቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ዳግም ዘር ያውጡ። ወደ 1,160 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በሞያሌ በኩል በመኪና የሚሄድ ግን ከ1,500 በላይ ይነዳል።

ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር የኬንትሮስ ዲግሪ እየጠበበ ይሄዳል፤ ካይሮ ላይ 96፣ ኬፕታውን ላይ 92 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእነዚያ ከተሞች በ111 ማባዛት ያሳስታል።

ቀጥሎ ርቀቱን ለ850 ያካፍሉ፤ ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት የሚጓዘው ይህን ያህል ነው። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አየር መንገዶች መሬት ላይ የሚሽከረከሩበትንም ስለሚቆጥሩ ትኬቱ ላይ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቢያዩ አይገረሙ።

አሁን ወደ ሌጎስ። በዚሁ ስሌት 3,900 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ትኬቱ ግን መነሻ 09:00፣ መድረሻ 12:00 ሊል ይችላል። አውሮፕላኑ ፈጥኖ አይደለም፤ ሌጎስ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ስለምትቆጥርና ትኬት ምንጊዜም የየከተማውን ሰዓት ስለሚጽፍ ነው። ሲመለሱ ደግሞ 13:30 ተነስተው 20:30 ይደርሳሉ፤ ሰባት ሰዓት ይመስላል። ስለዚህ ከመቀነስዎ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ይለውጡ። ናይሮቢ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነች እዚያ ይህ ጣጣ የለም። ካይሮ ግን ግብፅ በ2023 በበጋዋ ሰዓት ወደፊት መግፋትን ዳግም ከጀመረች ወዲህ፣ በበጋዋ ከእኛ ጋር እኩል፣ በክረምቷ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት።

የመጨረሻው ሥራ ወደ ራሳችን አቆጣጠር መመለስ ነው። ከትኬቱ ሰዓት ላይ 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ 12 ይቀንሱ። ስለዚህ 20:30 ከምሽቱ 2:30 ነው። የትኬቱ ሰዓት ከ7 በታች ከሆነ ግን 6 ይደምሩ።

ከሁሉ የሚከፋው የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ትኬትዎ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነውና ሻንጣዎን ይዘው ቦሌ የሚገኙት ሰኞ ማታ ነው።