ምዕራፍ 7፦ ፊልትሮውን ማን ደፈነው?

ዳሽቦርዱ ላይ በሁለት በኩል ቧንቧ ያለው፣ ውስጡ ነጠብጣብ የሞላበት ትንሽ ሣጥን የመሰለ ቢጫ መብራት ሲበራ ብዙ ባለ ናፍጣ መኪና ወደ ጋራዥ ይሮጣል። የሚያገኘው መልስም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ይቀየር» ወይም «ቆርጠን እናውጣው»። የመጀመሪያው ኪስ ያራቁታል፣ ሁለተኛው ከኋላ ያለውን እግረኛ ሳንባ ይጎዳል። የጭሱን ጥላሸት የሚይዘው ፊልትሮ በምን ምክንያት እንደተደፈነ ግን አንዱም አይነግርዎትም። ምክንያቱ ካልተገኘ ደግሞ አዲሱም ፊልትሮ መደፈኑ አይቀርም።

ፊልትሮው የሚገጠመው ከሞተሩ ቀጥሎ፣ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሴራሚክ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ዳር እስከ ዳር በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። አንዱ ቀዳዳ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ ተደፍኗል። ስለዚህ ጭሱ በገባበት ቀዳዳ መውጣት አይችልም፤ ግድግዳውን ሰርጎ ማለፍ አለበት። ጋዙ ያልፋል፣ ጥላሸቱ እዚያው ይቀራል። ይህን ፊልትሮ ከፋብሪካው ይዘው ገበያ ከወጡት ቀደምት የቤት መኪናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀረበው ፔጆ 607 ነው። በኋላ የአውሮፓ ሕግ በኪሎ ሜትር ይፈቅድ የነበረውን 25 ሚሊግራም ጥላሸት በ«ዩሮ 5» ወደ 5 ሚሊግራም ሲያወርደው፣ ፊልትሮ የሌለው አዲስ የናፍጣ መኪና እዚያ መሸጥ አበቃ።

የተያዘው ጥላሸት መቃጠል አለበት። ረጅም መንገድ ላይ ጭሱ ራሱ ስለሚግል ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ከሜክሲኮ ፒያሳ በትራፊክ ተይዞ ለሚመላለስ መኪና ግን ሙቀቱ አይደርስም። ያኔ የመኪናው ኮምፒውተር ትርፍ ናፍጣ ያስረጭና የፊልትሮውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያወጣዋል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ምንም መብራት አይበራም። የሚታወቀው ሚኒሞው ከወትሮው ከፍ ሲል፣ የጋለ ብረት ሽታ ሲመጣ፣ ሞተር ከጠፋ በኋላም የራዲያተሩ ፋን መሽከርከሩን ሲቀጥል ነው። እነዚህን ምልክቶች እየነዱ ካስተዋሉ ሞተሩን ሳያጠፉ ትንሽ ይንዱለት። ደረቅ ሣር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አያቁሙ፤ እሳት ይነሳል።

ይህ ጥላሸቱን የማቃጠል ጽዳት በየጊዜው ሲቋረጥ የሚመጣው ጉዳት ከፊልትሮውም ያልፋል። ለማቃጠያ ተረጭቶ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፣ መልሰው ከትተው እንደገና ያውጡት። ምንም ሳይጨምሩ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ጫፉም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል። ቀጭን ዘይት ቱርቦውንና ኩሽኔታውን ይበላልና ሳይውል ሳያድር ያስቀይሩት።

ቢጫው መብራት ብቻውን ከበራና መኪናው ጉልበት ካልቀነሰ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ክፍት መንገድ ላይ ማርሹን ዝቅ አድርገው ከ2,000 ዙር ከፍ እያሉ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱ። አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ይጠፋል። ሌላ መብራት አብሮ ከበራ፣ ወይም መኪናው አልሄድም ካለ ግን አያስገድዱት።

መብራቱ በየሳምንቱ እየተመለሰ ካስቸገረ ጥፋቱን ከፊልትሮው ውጭ ይፈልጉ። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ክፍት ሆኖ የቀረ ኢጂአር ቫልቭ (ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው)፣ የተሰነጠቀ የቱርቦ ጎማ፣ ሞተሩ እንዳይሞቅ የሚያደርግ የተበላሸ ቴርሞስታት፣ ሁሉም ፊልትሮው ከሚችለው በላይ ጥላሸት ያሸክሙታል። እኔ ሜካኒክ ሁሉ መጀመሪያ ቢያየው የምመኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ከፊልትሮው ፊትና ኋላ ተነስተው ወደ ግፊት መለኪያው የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አንዱ ከተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ከተዘጋ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ግፊት ያነባል፤ የምርመራ ማሽኑም ጤነኛውን ፊልትሮ «ተደፍኗል» ይለዋል። ለቁራጭ ቱቦ ሲባል ሙሉ ፊልትሮ የቀየሩ ሰዎች ነገር ያሳዝነኛል።

ፊልትሮው ውስጥ እንደ ጥላሸቱ የማይቃጠለው አመድ ነው። አመዱ በብዛት የሚመጣው ከሞተር ዘይቱ ውስጥ ካሉ ቅመሞች ነው። ስለዚህ ለፊልትሮ የተሠራ፣ አመዱ ያነሰ ዘይት ይጠቀሙ፤ የመኪናዎ መመሪያ «ኤሲኢኤ ሲ2» ወይም «ሲ3» ካለ ጣሳው ላይ ያንኑ ይፈልጉ። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ፊልትሮ አመድ ከሞላበት ወልቆ፣ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ማሽን ይታጠባል። በመኪና ማጠቢያ የውሃ ግፊት መሞከር ግን ሴራሚኩን ሊሰብረው ይችላል።

ቆርጦ ማውጣትን በምንም ምክንያት አልመክርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቋል። ትራፊክ ላይ ያንን ጭስ የሚተነፍሱት ጎንዎ የቆመው ሚኒባስ ተሳፋሪና መንገድ ዳር የምትሸጠው እናት ናቸው። አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ የሕግ ጉዳይም አለበት፦ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ፊልትሮው የወጣበትን መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ትጥላለች፤ ቤልጂየም ከ2022፣ ጀርመንና ኔዘርላንድ ከ2023 ጀምሮ የጭሱን ብናኝ በመሣሪያ ይቆጥራሉ።

ፊልትሮ ያለው ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ነጭ ሶፍት በጣትዎ ጠቅልለው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ ይጥረጉ። ጤነኛ ፊልትሮ ያለው መኪና ሶፍቱን እምብዛም አያጠቁረውም። ወፍራም ጥቁር ጥላሸት ይዞ ከወጣ ፊልትሮው ወይ ተሰንጥቋል ወይ ወጥቷል፤ ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት መኪናውን ከፍ አስደርገው ቆርቆሮው ላይ የብየዳ ምልክት መኖሩን ይዩ።